ካርዱ አልገባም

ባለፉት እትሞች ስለ አቧራውና ስለ ራሽኑ ብዙ ስላማረርን፣ በዚህኛው ጥቂት ስለ መኪና እንጫወት ብለናል። መኪና የላችሁም፤ እኛም የለንም። ነገር ግን ስለ ሌለን ነገር ማውራት ከተከለከለ በዚህ ካምፕ ውስጥ የሚቀረው ዝምታ ብቻ ነው። አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም፤ የእኛ መሆኑን ካልገለጽን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማሳሰቢያው ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ጣጣው ይታያል።

ከገበያው መግቢያ ተነሥተው ወደ ትልቁ መንገድ የሚመላለሱትን፣ ፕሮቦክስ የሚባሉትን ነጫጭ ቶዮታዎች የማያውቅ የለም። አምስት ሰው ሊይዙ ተሠርተው ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ፍየልና አንድ ፍራሽ የሚጭኑት ማለታችን ነው። ከእነዚህ በአንዱ የተሳፈረ ሰው፣ ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር አንዲት ሴት ከመሪው አጠገብ በለሰለሰ ድምፅ አንድ ነገር ተናግራ ዝም ስትል ሰምቷል። «ኢ-ቲ-ሲ ካዶ ጋ ሶኒዩ ሳሬቴ ኢማሴን» ትላለች፤ ቋንቋው ጃፓንኛ ነው። ምን ማለቷ እንደ ሆነ በካምፓችን ውስጥ ያልተባለ የለም። የመንገድ ጸሎት ነው ያሉ አሉ። ቀበቶ እሰሩ ማለቷ ነው ያሉም አሉ። አንድ የሶማሌ ጎረቤታችን ተሳፋሪውን ቆጥራ «ኧረ በዛችሁ!» ማለቷ ነው ብሎ ሲያስረዳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የነበርን ሁሉ አመንነው።

ነገሩ ሌላ ነው። በጃፓን በፈጣን መንገዶች ላይ የሚሄድ መኪና የመንገድ ክፍያ ይከፍላል። በየበሩ እየቆሙ ገንዘብ መቁጠር ሰልፍ ስለሚያበዛ፣ ካርድ የምታነብ ትንሽ መሣሪያ መኪናው ውስጥ ትተከላለች፤ መኪናው ሳይቆም ያልፋል፤ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። አሠራሩ በመላ ጃፓን ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ የምትለው «የኢ-ቲ-ሲ ካርድ አልገባም» ነው፤ ሌላ ምንም አትልም። መኪናው ተሸጦ፣ በመርከብ ሞምባሳ ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ እኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ያንን በር ዳግም አያየውም፤ እርሷ ግን በየማለዳው ካርዱ አለመግባቱን ሳትሰለች ታስታውቃለች። ይህን ተርጉመን በራሽን ሰልፍ ላይ በነገርንበት ቀን የተነሣው ሳቅ ሳምንት ቆየ። ዛሬ የጣት አሻራ ማንበቢያው የአንዱን ጣት እምቢ ሲል ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው በቀጭን ድምፅ «ካርዱ አልገባም» ይላል፤ ጣቱ እምቢ የተባለበትም ሰው ሳይወድ ይስቃል።

እነዚህ መኪናዎች እንዴት እኛ ጋ እንደ ደረሱ በአጭሩ እንበል። ጃፓንም ኬንያም በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ የጃፓን አሮጌ መኪና ለኬንያ እንደ ተለካ ልብስ ነው፤ የኬንያ ሕግ ከመጀመሪያ ምዝገባው 8 ዓመት ያለፈውን አያስገባም እንጂ ሌላውን ይቀበላል። በአገራችን ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ስለሚነዳ፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ለእኛ ከመጀመሪያውም እንግዳ ነው። ታዲያ መኪናው ሲመጣ ብረቱ ብቻ አይመጣም፤ የነበረበት አገር ልማድ በሙሉ ተለጥፎበት ይመጣል።

ፕሮቦክሱን እንውሰድ። ከሬዲዮው በታች የምትሳብ ትንሽ ጠረጴዛ አለችው። መኪናው በ2002 ሲወጣ የታሰበው ዕቃ እያሳየ ከከተማ ከተማ ለሚዞር የኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛው መንገድ ዳር ቆሞ ምሳውን ይበላባታል፤ ደረሰኝ ይጽፍባታል። እኛ ጋ ሹፌሮቹ ጫታቸውንና ዝርዝር ሳንቲማቸውን ያስቀምጡባታል፤ አንዱ ደግሞ ልጁን የቤት ሥራ ሲያሠራባት አይተናል። ይህች አስተርጓሚ አልፈለገችም፤ ጠረጴዛ በየትኛውም አገር ጠረጴዛ ነው።

ሬዲዮው ግን አስቸጋሪ ነው። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ76 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ለብዙ ዘመን 90 ላይ ያበቃ ስለ ነበር፣ የቆዩት የመኪና ሬዲዮኖች ከዚያ በላይ አይሰሙም። እዚህ ደግሞ ጣቢያዎቹ ያሉት ከ88 እስከ 108 ነው። እንግዲህ የሁለቱ አገሮች ጆሮ የሚገናኘው በ88ና በ90 መካከል ባለችው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ከአንቴናው ገመድና ከሬዲዮው መካከል የምትገባ የክብሪት ሣጥን የምታህል ዕቃ ትሸጣለች። ሥራዋ የሚመጣውን ሞገድ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው፤ በ12 ዝቅ የምታደርግ ከሆነች 98 ላይ ያለው ጣቢያ 86 ላይ ይሰማል። ጣቢያው የሚናገረውን አትነካም፤ ቁጥሩን ብቻ ጆሮው ወደሚደርስበት ታወርደዋለች። ሆኖም ከ102 በላይ ያለው ጣቢያ በ12 ቢወርድም ከ90 በላይ ስለሚቀር ሳይሰማ ይቀራል። እኛ መምህራን ይህችን ሣጥን ባየናት ጊዜ «አስተርጓሚ ማለት ይህች ናት፤ ከነጉድለቷ» ተባባልን።

በፊት ለፊቱ ግራ ጥግ ላይ የቆመችውን ቀጭን ዘንግ ያያችኋት ትኖራላችሁ። በአንዳንዱ መኪና ላይ ቁልፍ ሲጫኑ ብድግ ትላለች፤ ጫፏ ላይ መብራት ያላትም አለች። አንቴና አይደለችም። ሹፌሩ በቀኝ ስለሚቀመጥ የመኪናው የግራ ጥግ የት ላይ እንደሚያበቃ አይታየውም፤ የጃፓን የመንደር መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ዘንጓ «ጥጌ እዚህ ነኝ» ትለዋለች። እኛ ጋ መቶ ግመል ጎን ለጎን በሚሄድበት ሜዳ ላይ ለማን ትጠቁማለች? አንዱ ሹፌር የባንዲራ ዘንግ ሊያደርጋት አስቦ ነበር። የማን ባንዲራ ይሰቀል በሚለው ላይ ተሳፋሪው ስላልተስማማ ባዶዋን ቀረች።

ይህ ሁሉ ለሳቅ ነው። ከተሳፋሪው እግር አጠገብ የተሰካው ቀይ ዱላ ግን ለሳቅ አይደለም። በጃፓን ሕግ ማንኛውም መኪና ሊይዘው የሚገባ የአደጋ ችቦ ነው። መኪና መንገድ ላይ ወይም በባቡር ሐዲድ ላይ ሲቆም፣ ክዳኑን ነቅለው ጫፉን እንደ ክብሪት ሲጭሩት ከነጭሱ አምስት ደቂቃ ያህል በቀይ ነበልባል ይነድዳል፤ ከሩቅ የሚመጣው ያየዋል። ጽሑፉ በጃፓንኛ ብቻ ስለ ሆነ ልጆች ሻማ ይመስላቸዋል። ከአንድ ፕሮቦክስ የተነቀለ ችቦ በልጆች እጅ፣ ያውም ቤንዚን በጀሪካን በሚሸጥበት መደብ አጠገብ ያገኙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው በገበያው ጫፍ በዛፍ ጥላ ሥር መኪና የሚጠግኑትን አዛውንት ነው፤ በአገር ቤት ሳሉ ኤን ትሬ የተባለውን የፊያት ከባድ መኪና የነዱ ናቸው። ከዚያን ቀን በኋላ ወደ እኛ መጥተው «እናንተ ልጆች፣ ትምህርታችሁ ምን ይሠራል? ይህን ጽፋችሁ ለጥፉልኝ» አሉን። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ «እሳት ነው፤ አትንኩ» ብለን ጽፈን ለጠፍን። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ከዚያ ጀመረ።

ሥራው ሲጀመር ከመጻሕፍት ልገሳ ሣጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጃፓንኛ ሰዋስው አገኘን። ማንም አይወስደውም ነበርና እኛ ወሰድነው። ጊዜ ካለው ነገር ሁሉ የተረፈን ስለ ሆነ ሁለት ዓመት አጠናነው። ካወቅነው ውስጥ አንዱ ያስደነቀንን እንንገራችሁ። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። ድርጊቱ የሚያርፍበትን ነገር እኛ «ን» ብለን እንደምናመለክት እነርሱ «ኦ» ይላሉ። እኛ «ከፍቶ፣ ገብቶ፣ ዘግቶ» እያልን ድርጊትን በድርጊት ላይ እንደምንቀጥል እነርሱም እንዲሁ ይቀጥላሉ። «ዶአ ኦ አኬቴ፣ ኖቴ፣ ሺሜቴ ኩዳሳይ» የሚለውን ቃል በቃል ብናስቀምጠው «በሩን ከፍተው፣ ገብተው፣ ዘግተው ይስጡኝ» ይሆናል። «ኩዳሳይ» ይስጡኝ ማለት ነውና፤ በልመና አነጋገር «እባክዎ» መሆኑ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ ግን ዓረፍተ ነገራቸው በአንድ ልክ የተሰፋ ይመስላል። በሰዋስው ትምህርት ዘመናችን ይህን የነገረን አልነበረም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አማርኛ «ረገጠ፣ ረገጠች፣ ረገጥን» ብሎ አድራጊውን በግሡ ላይ ያሳፍራል። ጃፓንኛ «ፉንዳ» ብሎ ይተዋል፤ ማን እንደ ረገጠ ሰሚው ከነገሩ ይረዳል። አንድና ብዙም ቢሆን በአብዛኛው አይለይም። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው በየዓረፍተ ነገሩ አድራጊ መፍጠር አለበት፤ እርሱ ነው? እርስዎ ነዎት? ሞተሩ ራሱ ነው? የጃፓን ዕቃ ወደ ዓለም ገበያ በብዛት መጉረፍ በጀመረበት ዘመን እንግሊዝኛውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ከሰዋስውና ከመዝገበ ቃላት የተማረው ጃፓናዊ ነበር። በዚህም ምክንያት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚስቁበት ብዙ መመሪያ ወጣ። በእነርሱ ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፤ የጃፓን የመኪና አከራይ ለእንግዶች በጻፈው ወረቀት ላይ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ቢገጥምህ መጀመሪያ ጥሩምባውን በዜማ ንፋለት፤ እምቢ ካለህ አጠንክረህ ንፋበት ብሏል እያሉ ይስቃሉ። እኛ ይህን ስንሰማ የሚያስቀው የቱ ላይ እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ቆየን። በአማርኛ ጥሩምባ ይነፋል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? በዜማ መንፋቱም የጨዋ ሹፌር ወግ ነው።

ቃል በቃል ቢተረጎሙ የሚያስቁ የጃፓን መካኒኮች አነጋገሮችም አሉ። ፍሬን በደንብ አልይዝ ሲል «ፍሬኑ ጣፋጭ ነው» ይላሉ። ባትሪ ሲሞት «ባትሪው ወደ ላይ ወጣ» ይላሉ። ጎማ ጥርሱ አልቆ ሲለሰልስ ደግሞ «ጎማው መነኩሴ ሆነ» ይላሉ፤ የእነርሱ መነኩሴ ራሱን ስለሚላጭ ነው። ይህን ለጋሼ ስናነብላቸው በእጃቸው የያዙት ካቻቢቴ እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ግን ዝም ብለው አሰቡና «እኛስ?» አሉ። «እኛስ ጎማ ተነፈሰ አይደል የምንለው? መኪናው ዘይት ይበላል እንላለን፤ ነዳጅ ይጠጣል እንላለን። መኪና አስነሣሁ ስትል ፈረንጁ ተኝቶ ነበር ወይ አይልህም?» ትክክል ናቸው። ጃፓናዊው ሞተርን ያስነሣል አይልም፤ «ይሰቅለዋል» ነው የሚለው።

ከውሰት ቃላቱ ላይ ስንደርስ ሳቁ ይበልጥ ተደባለቀ። ጃፓኖች የእንግሊዝኛ ቃል ወስደው እንግሊዝ በማያውቀው መንገድ ይገጣጥሙታል። ሞተር ሲጠፋባቸው «ኤንጂን» እና «ስቶፕ» ከሚሉት ቆርጠው «ኤንሱቶ» ይላሉ። መንጃ ፈቃድ ይዞ የማይነዳውን ሰው «የወረቀት ሹፌር» ይሉታል፤ ይህን ቃል ለካምፓችን ብንበደረው የሚጠቅም መስሎናል፤ የወረቀት መምህር፣ የወረቀት ነርስ፣ የወረቀት መሐንዲስ ሞልተናልና። ጠቋሚ መብራቱን «ዊንካ» ይሉታል፤ ዓይን የሚጠቅስ ማለት ነው። እኛ ያንኑ መብራት ፍሬቻ እንለዋለን፤ ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ነው። የት አለ ቀስቱ? በጥንት መኪናዎች ጎን ላይ እየወጣች የምትመለስ ቀስት መሰል ምልክት ነበረች፤ እርሷ ከቀረች ዘመን የላትም፤ ስሟ በእኛ አፍ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ክሪክ፣ ቦሎ፣ ጎማ ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ወርሮን የሄደው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል ጠራርገን የእኛ አደረግነው፤ ማንንም አላስፈቀድንም። «ክላክስ» እና የጃፓኑ «ኩራኩሾን» ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተገኙት ክላክሶን ከተባለ የጥሩምባ ንግድ ስም ነው።

ቃል ግን ሞተርም ያቃጥላል። አንድ ነጋዴ ሃይስ ገዝቶ መጣ፤ በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ሁለት የጃፓን ፊደላት ተጽፈዋል። የነጋዴው ረዳት ስልኩን አውጥቶ ፊደሎቹን ፎቶ አንሥቶ አስተረጎመ። ስልኩ በእንግሊዝኛ «ቀላል ዘይት» አለው። ልጁም አሰበ፤ ከነዳጆች ቀላሉ፣ ቀጭኑ፣ ፈጥኖ የሚተንነው የትኛው ነው? ቤንዚን ነው። ሞላው። ፊደሎቹ «ኬይዩ» ነው የሚነበቡት፤ ሲፈቱ በእርግጥ «ቀላል» እና «ዘይት» ናቸው፤ ስልኩ አልዋሸም። በጃፓን አገር ግን የዚህ ስም ባለቤት ናፍጣ ነው። ቀላል የተባለው ከእርሱ ከሚከብዱት የመርከብና የምድጃ ዘይቶች አንጻር ነው። በጃፓን ራሷ ትናንሽ መኪናዎች «ኬይ» ስለሚባሉ ስሙ የተመሳሰለባቸው ነጂዎች የቤንዚን መኪናቸውን ናፍጣ የሚሞሉበት ጊዜ አለ። የናፍጣ ሞተር ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ቤንዚን ሲገባበት ቅባቱን ያጥብና ብረት ከብረት ይፋጫል። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ባሸተቱ ጊዜ ሃይሱ ብዙ ስላልሄደ ጋኑ ተገልብጦ ታጠበና ፖምፓው ተረፈ። የልጁ ሥራ ግን አልተረፈም፤ ነጋዴው በማግስቱ አሰናበተው። አምስት ነፍስ በዚያ ደመወዝ ይኖር ነበር።

ጋሼ ሲያፈላልጉ ሳሉ «ናፍጣ ብሎ ቢጽፈው ምን ነበረበት!» አሉ። እኛም መዝገበ ቃላት ገልጠን አየን። ናፍጣ የምንለው ቃል የመጣው ከጣሊያኑ «ናፍታ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ቃል ፈጥኖ የሚተን፣ ለቤንዚን የሚቀርብ ቀጭን ፈሳሽ ስም ነው። እንግዲህ አንድ እንግሊዛዊ በክዳኑ ላይ በአማርኛ «ናፍጣ» የሚለውን አንብቦ በራሱ መዝገበ ቃላት ቢፈታው፣ ያ ልጅ የሠራውን ነበር የሚሠራው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ልጁን ለምን አባረሩት?» አሉ። ለነጋዴውም ሄደው ይህንኑ ነገሩት። ነጋዴው አዳመጣቸው፤ ሻይም አዘዘላቸው፤ ልጁን ግን አልመለሰውም።

አሁን ከላይ ያስጠነቀቅነው የዘመን ጣጣ ደረሰ። በብዙዎቹ መኪናዎች በር ጠርዝ ላይ ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎሜትር የያዘች ወረቀት ተለጥፋ ትገኛለች። ገዢዎች የሚወዷት ቆጣሪው ወደ ኋላ መመለሱን ስለምታጋልጥ ነው። በአንዱ ፕሮቦክስ ላይ «28.6.12» ተጽፎ ነበር። ገዢው ሰኔ 28 ቀን 2012 ብሎ አነበበና ኪሎሜትሩ ለዚያን ጊዜ በዝቷል፣ ተጭበርብሬያለሁ ብሎ ጮኸ። አልተጭበረበረም። ጃፓኖች በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይቆጥራሉ። ሄይሴ የተባለው ዘመን በ1989 ስለ ጀመረ 28ኛው ዓመቱ 2016 ነው፤ እነርሱም ዓመቱን አስቀድመው፣ ቀኑን መጨረሻ ላይ ይጽፋሉ። እንግዲህ ቀኑ ጁን 12፣ 2016 ነው፤ በእኛ ሲሆን ሰኔ 5 ቀን 2008 ዓ.ም.። በዚህች ጣት በምታህል ወረቀት ላይ ያለችው ቀን እንደ አንባቢዋ ሦስት ቦታ ትቆማለች።

ይህን ያነበብነው ለገዢው ነበር፤ ወዲያው ግን ያሰብነው ሌላ ሰው ነው። በአጠገባችን የምትኖር አንዲት እኅታችን አለች፤ ልጆቿን እናስተምራለን። ባለቤቷ የተያዘው በዚያው በሰኔ 2008 ዓ.ም. ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን ስትሰጥ አስተርጓሚው የሰማውን ቁጥር እንዳለ «2008» ብሎ አሳለፈው። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ አስተርጓሚ ነበር፤ እርሱ ነገሩን አውቆ «2016» ብሎ መለሰው። ሁለቱም በየፊናቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያየው ሦስተኛው ሰው ግን ስምንት ዓመት የሚራራቅ ቃል አገኘ። በአውሮፓ 2008 እርሷ ባሏን ገና አላወቀችውም ነበር። በዚያ ላይ ስንት ወንድም አለሽ ተብላ በአንደኛው ቀን ሁለት፣ በሌላው ቀን አምስት ብላለች፤ ከእናቷ ልጆች ጋር ያደጉት የአጎቷ ልጆች ሦስቱ ወንድሞቿ ካልሆኑ ምን ይባላሉ? በፋይሏ ላይ የተጻፈው «የተጋጨ ቃል» የሚል ነው። ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ያን የፕሮቦክስ ወረቀት ከበሩ ላይ በጥንቃቄ ልጠን ወደ ቤቷ ይዘን ሄድን። ሦስቱን አቆጣጠር በመሬቱ አቧራ ላይ በእንጨት ጻፍንላት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «ጃፓኖቹንም እንዲህ ያደርጓቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ የዘመን አቆጣጠራችን ከሌላው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚለይ፣ ወንድም የሚለው ቃላችን ማንን ማንን እንደሚያቅፍ፣ የተጠቀሱት ቀናትም አንድ ቀን መሆናቸውን ጽፈን፣ በእርሷ ፊርማ ከፋይሏ ጋር እንዲያያዝ አስገብተናል። ማህተም ያለበት መቀበያ ሰጥተዋታል። መልስ እስከዚህ እትም ድረስ አልመጣም።

ፋይል ያላችሁ ወገኖቻችን በቃላችሁ ውስጥ የጠራችሁት ዓመት የየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አስነብባችሁ አረጋግጡ። ለማመሳከር የምትፈልጉ ከሦስቱ አንዳችንን ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ታገኙናላችሁ፤ ክፍያ የለውም።

ስለ መኪናው የቀረን ትንሽ ነው። በኋላ መስተዋት ላይ ተለጥፋ የምትገኘው ክብ ወረቀት ምንድን ናት ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሱ ይህ ነው። ከ1962 በወጣው ሕግ መሠረት በአብዛኛው የጃፓን ቦታ ሰው መኪና ለማስመዝገብ በመጀመሪያ መኪናው የሚያድርበት ስፍራ ከመኖሪያው ከ2 ኪሎሜትር ሳይርቅ መኖሩን ለፖሊስ ማስመስከር አለበት። ወረቀቷ ያ ስለ መመስከሩ ምልክት ነበረች፤ መለጠፏ በ2025 ቀርቷል፤ ማስረጃው ግን ዛሬም ይጠየቃል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከሃይሱ መስተዋት ላይ ሊፍቁት የጀመሩትን ትተው «ማደሪያ እንዳለው የተመሰከረለት መኪና ነው፤ ይቆይለት» አሉ። ወረቀቷ እዚያው ናት።

በጋሼ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የቃላት ሰሌዳችን እስካሁን 63 ቃላት ደርሷል፤ ጃፓንኛው በግዕዝ ፊደል፣ አማርኛው፣ ስዋሂሊው ጎን ለጎን ነው። «ኬይዩ» በቀይ ቀለም ከላይ ተጽፏል። ያልተስማማንበት አንድ ስም ቀርቷል፤ የግራ ጥግ ዘንጓ። ጋሼ «አንቴና ያልሆነችው» ይሏታል፤ ልጆቹ «የመኪናው ጣት» ይሏታል፤ ከእኛ አንዱ «ጥግ ነጋሪ» ብሎ አንድ ሳምንት ተሟግቷል። የተሻለ ስም ያለው እስከሚቀጥለው የራሽን ቀን ድረስ ያምጣልን። ወረቀት ስለ ቸገረን በዚህ እትም ጀርባ ላይ ጽፋችሁ መልሱልን።